ጥጓ የተቋጠረች የትራስ ልብስ

ዓርብ፣ ሰኔ 14

ጀመርን! አሥራ አንድ ሠልጣኝ፣ አሥራ ሁለት ወንበር፣ አንድ ቬንቲሌተር። ቬንቲሌተሩ አንገቱን ታሟል፤ ወደ ግራ ብቻ ነው የሚዞረው። በግራ የተቀመጡት ሠለጠኑ፣ በቀኝ የተቀመጡት ተቀቀሉ።

አዳራሹ ቡላኦስ ሠፈር ነው፣ ከሐጂ ዓብዱሰመድ ፍራሽ ቤት በላይ። ሐጂ የሐረር ሰው ናቸው፤ አርባ ዓመት በዚህ የወደብ ከተማ ኖረውም አማርኛቸው አልዛገም። ቁልፉን ሲሰጡኝ፣ «ወይዘሮ ወለላ፣ በዚህ ሙቀት ሥልጠና? እኛ በሰኔ የምንሠለጥነው አለመንቀሳቀስን ነው» አሉኝ። አዲስ አበባ ዝናቡን ትጠጣለች፤ እዚህ ኸምሲን የሚሉት የበረሃ ነፋስ አሸዋውን እያንገዋለለ ጥርሴ ውስጥ ይከተዋል።

ዘጠኙ ልጆች ሰው ቤት ተቀምጠው የሚሠሩ ናቸው፤ ዓርብ ግማሽ ቀን ይለቀቃሉ። ስልክ ያላቸው ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ የሌሎቹን ማዳሞቻቸው ይዘውባቸዋል። የቀሩት ሁለቱ ዶራሌ ወደብ ጭነት የሚጠብቁ የከባድ መኪና ሾፌሮች ናቸው። አንደኛው ከይረዲን ገና ሳይቀመጥ፣ «እትዬ፣ ሥልጠናው ምሳ አለው?» አለ። ቦንቱ የምትባል አፈ ምላጭ፣ «አንተን የሚያጠግብህ ሥልጠና ሳይሆን ወደብ ነው» ብላ አስቀመጠችው። ወዲያው ወደድኳት።

ማኅበራዊ ሥራ ፈጠራ ማለት የሰው ችግር ፈትቶ በዚያው ራስንም ማኖር ነው አልኳቸው። ከዚያ «የባለጉዳይዋን ወንበር» አስተዋወቅኩ። ዘዴውን ያወጣው ለሥልጠናው የላከኝ ድርጅት ነው። አሥራ ሁለተኛው ወንበር ባዶውን ይቀመጣል። የምንሠራው እዚያ ለተቀመጠችው ነው። ስም እናወጣላታለን፣ ዕድሜና ቤት እንሰጣታለን፤ ሐሳብ ያለው ሰው ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ይናገራል።

«እሺ፣ ማን እንበላት?»

እስከዚያ ድምፅ ያልነበራት ዙለይካ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሳ፣ «ሁዳ» አለች።

«ዕድሜዋ?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«የት ትኖራለች?»

«ሦስተኛ ፎቅ። ጣራው ላይ አረንጓዴ ሮቶ አለ። ሠፈሩን አላውቀውም።»

«የት ትተኛለች?»

«ከልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ጎን።»

«ምን ትፈራለች?»

«ሲወጡ በሩን ከውጭ ነው የሚቆልፉት።»

«ጎበዝ! እንዲህ ነው ማሰብ!» ብዬ አጨበጨብኩ። ያጨበጨብኩት ብቻዬን ነበር።

ሰኞ፣ ሰኔ 17

የተከራየኋት ክፍል ካርቲየ 4 ሠፈር ናት፤ ከመላዋ የምወደው በረንዳዋን ነው። ወደ ጓሮ ነው የሚያየው። ባሻገር ሌላ ሕንፃ ጀርባውን ሰጥቶኛል፤ የብረት ፍርግርግ ያለበት የወጥ ቤት በረንዳ፣ የልብስ ገመድ፣ ሙቀት እንዳይገባ በአልሙኒየም ወረቀት የተለበጠ መስኮት። አባወራው ሆዳቸው ይቀድማቸዋል፤ ማዳም ወርቃማ ነጠላ ጫማ አላቸው። በጎን በኩል ባለው ደረጃ ሲወርዱ አያለሁ። አንድ ቀን ሁለት የተለያየ ጫማ አድርገው ወጡ፤ ለመጽሔት ዓምዴ ቋጥሬዋለሁ።

ጣራቸው ላይ አረንጓዴ ሮቶ አለ። ሳቄ መጣ። የዚህ ከተማ ግማሽ ሮቶ አረንጓዴ ነው።

ዓርብ፣ ሰኔ 21

ዛሬማ ሐሳብ ወለዱ! ዙለይካ ለወንበሩ ተናገረች፤ በሹክሹክታ፣ ሰው አጠገቧ እንደተኛ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስልክ የሌላት ልጅም ልብስ ታሰጣለች። የትራስ ልብስ በአንድ ጥጓ ከተሰቀለች «ደህና ነኝ»። በሁለት ጥግ ከሆነ «ጠይቁኝ»። ገመዱ ላይ ከታጠፈች «ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ አታስቡ»። ልጆቹ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ዳቦ ሊገዙ ይወጣሉ። ያቺ ሩብ ሰዓት የእነሱ ናት። ባጌት የሚሉትን ረጅም ዳቦ አቅፈው ሲመለሱ ቀና ብለው ገመዶቹን ያያሉ፤ ዓርብ እዚህ ያየችው ላላየችው ትነግራለች።

ቦንቱ ንግዱን ጨመረችበት፦ ጥልፍ ያላቸው የትራስ ልብሶች ሰፍተን ለማዳሞቹ ለራሳቸው እንሸጣለን። «ምልክቱ በዋናው በር ይገባል እትዬ! ማዳም ከፍላ ታስገባዋለች!» ከይረዲን ጨርቁን ከድሬዳዋ አመጣለሁ አለ።

«ሌላስ ምልክት አለ?» አልኳት ዙለይካን። «ነገሩ በጣም የከፋ ከሆነስ?»

«አራተኛ አለ። እሱን አንናገረውም።»

«ለምን?»

«የተናገሩት ይመጣል።»

እንዲህ ያለ ነገር ሰምታ የማትጽፍ ሴት ጋዜጠኛ አይደለችም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 26

ከባሻገር ገመድ ላይ ቀይ የትራስ ልብስ። በአንድ ጥጓ።

እኛ ገና አንድም አልሰፋን። ክንዴ ላይ ያለው ጠጉር ቆመ፤ በዚህ ሙቀት!

ኧረ ተይ ወለላ። ልብስ ነው፤ ይሰቀላል።

ዓርብ፣ ሰኔ 28

አዳራሹን ስከፍት የባለጉዳይዋ ወንበር ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ በመስኮቱ በኩል ቁልቁል ወደ መንገዱ ያያል። ትናንት ማታ እኔው ነኝ ያስተካከልኩት። ሐጂ፣ «ቁልፉን ለማንም አልሰጠሁም፣ ወላሂ» አሉ። ከዚያ ዝቅ ብለው፣ «ባዶ ወንበር ሰዓቱን ሙሉ ባዶ አይቀመጥም ይሉ ነበር እናቴ» አሉኝ። እንዲህ ያለ ሰው ፍራሽ እንዴት ይሸጣል?

ልጆቹ ሲሰፉ ዋሉ። አንዷ ለአንዷ መርፌ ስታቀብል «ለሁዳ» ትላለች። ጨዋታ መስሏቸው ነው። ነው መሰለኝ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 1

ባሻገሮቹ ተጓዙ! ስምንት ሻንጣ፣ ሦስት ልጆች፣ አንድ ወፍ በቀፎ። ሐጂ ወሬው ደርሷቸዋል፦ «ብርድ አገር ሄዱ፤ እስከ መስከረም አይመለሱም። ገንዘብ ያለው በዚህ ሙቀት እዚህ ምን ይሠራል? እኔና እርስዎ ብቻ ቀረን።» ማዳም ደረጃውን ወርደው እንደገና ወጡ፣ የሆነ ነገር ረስተው። ቁልፍ ሁለት ጊዜ ሲዞር እዚህ ድረስ ተሰማኝ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 2

ቀይዋ የትራስ ልብስ ዛሬም ወጥታለች። ታችኛው ጥጓ ግን ተቋጥሯል፤ ሳንቲም እንደታሠረበት የመሐረብ ጫፍ፣ ጥብቅ ብሎ። ነፋሱ ሲያነሳት ያቺ ቋጠሮ ፍርግርጉን ትመታዋለች። ቁጭ ብዬ አንድ ሰዓት ሙሉ ቀና እያልኩ አየሁ፣ አጎንብሼ ጻፍኩ። እንዴት ደስ የምትል ምስል ናት!

ለዓምዴ መዝጊያ ትሆነኛለች።

ዓርብ፣ ሐምሌ 5

ዙለይካ እያንዳንዳቸውን ጠየቀች። «በዳቦ ሰዓት አረንጓዴ ሮቶ ያየ አለ? ሦስተኛ ፎቅ?» ሁዳን ከልቧ ይዛታለች ልጅቷ። ቦንቱ፣ «ከመንገድ የማይታይ ቢሆንስ?» አለች፤ ዙለይካ ፊቷ አመድ መሰለ።

ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። የእኔን ባሻገር ልነግራት። ግን ጽሑፉ ሲወጣ በአንድ ጊዜ ይደነቁ ብዬ ዋጥኩት። ቀድሞ የተሰማ ነገር ማን ያነባል? ደግሞስ ምን አለው፤ ሰው የሌለበት ቤት ነው።

እሑድ፣ ሐምሌ 7

የጫት ሰዓት። ከተማው በሙሉ ጋደም ብሏል፤ ኤሲዎቹ ብቻ ያጓራሉ። በመካከል ቃ… ቃ… ቃ። ሦስት ጊዜ። ዕረፍት። ቃ… ቃ… ቃ። ብረት በብረት።

የሮቶው ክዳን ነው። ነፋሱ። ለአከራዬ ነገርኳት፤ «የእኛ አይደለም፣ ምን ላድርግ?» አለችኝ። ጆሮዬ ውስጥ ጥጥ ከትቼ ተኛሁ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 9

አዘጋጄ ቀጸላ ሦስት ጊዜ ደወለ። «ወሊዬ፣ ሞቅ ያለ ነገር! አንባቢ በክረምት ብርድ ብርድ ይለዋል።» ላክሁለት። ርእሱ «የገመድ ቋንቋ»። ሦስቱ ምልክቶች፣ የዳቦ ሰዓት፣ ማዳሞቹ ከፍለው የሚያስገቡት ምሥጢር፣ መጨረሻ ላይ ያቺ ቋጠሮ። «እንባዬ መጣ!» ብሎ መለሰ።

ስም አልጠቀስኩም። ሠፈርም አልጠቀስኩም።

ዓርብ፣ ሐምሌ 12

አሥራ አራት የትራስ ልብስ ተሸጠ። ቦንቱ የማዳሟን ድምፅ እያስመሰለች፣ «“ኦ ላላ፣ ሴ ጆሊ! ያምራል! አንቺ ነሽ የጠለፍሽው? እጅሽ እንዲህ ከሆነ ለምን ሩዜን ታሳርሪያለሽ?”» አለች፤ ሁሉም ሳቁ፣ ከዙለይካ በቀር። ወንበሩ ዛሬም ወደ መስኮቱ ዞሮ ነው ያገኘሁት።

ጽሑፉ ነገ ይወጣል። አልነገርኳቸውም። ከይረዲን አዲስ አበባ ይሄዳል፤ መጽሔቱን ይዞልኝ ይመጣል።

እሑድ፣ ሐምሌ 14

ገጼን ፎቶ አንስተው በስልክ እየተቀባበሉት ነው! ሁለት ሺህ ሰው! እህቴ ሳትቀር ላከችልኝ፣ «ይህቺ አንቺን አትመስልም?» ብላ።

ቃ… ቃ። ዛሬ ሁለት ጊዜ ብቻ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 16

ዛሬ የማየውን አልወደድኩትም። በሠፈሩ ውስጥ አንድ የተሰጣ ልብስ የለም። ጣራ ላይ የለም፣ በረንዳ ላይ የለም። ልብስ በሩብ ሰዓት በሚደርቅበት አገር ገመዶቹ ራቁታቸውን ይወዛወዛሉ። ቡላኦስ ድረስ በእግሬ ሄድኩ፤ እዚያም የለም። ከተማው ቆዳውን የገፈፉት ይመስላል።

አሸዋው ይሆናል። አሸዋ ሲበዛ ቤት ውስጥ ያደርቃሉ።

ያልተነሳችው አንድ ናት፤ ባሻገሬ። ማንሳት ያለባት ማዳም የለችማ። ቀይ የነበረችው ሮዝ ሆናለች። ጥጓ እንደተቋጠረ ነው። የተለበጠው መስኮት ላይ ደግሞ የአምስት ሳንቲም የምታህል ቀዳዳ አለች፤ ከዚህ በፊት አላስተዋልኳትም። ዝቅ ብሎ ሌላ አለ። አይጥ ወረቀት ይበላል?

መጋረጃዬን ዘጋሁ። ደንግጬ አይደለም፤ ፀሐዩ ነው።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 17

ሚኒባስ ውስጥ ሁለት ሴቶች፣ አንዷ በአማርኛ፦ «ማዳሜ ልብሱን ሁሉ ሳሎን ውስጥ ነው የምታሰጣው አሁን። ትራሱን በሙሉ ሰብስባ ቆለፈችበት። ደላላዋ ናት የነገረቻት፣ ከመጽሔት አንብባ።»

«ማን ጻፈው?»

«አንዷ ናታ፤ ምላሷ ሥራ ያጣባት።»

አንድ ፌርማታ ቀድሜ ወረድኩ። ስም አልጠቀስኩም እኮ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 19

አምስት መጡ። ከይረዲን መጽሔቱን ይዞ። ቦንቱ ጮክ ብላ አነበበች። ጀምራ አቆመች፤ ጀምራ አቆመች። «እትዬ… ሦስቱንም ጻፉት?» ከመጡት ልጆች ስልክ ያላት አልነበረችም፤ ሁሉም ሰው ካነበበው በኋላ እነሱ መጨረሻ።

መዝጊያው። አረንጓዴ ሮቶ። ቋጠሮ።

ዙለይካ ቆመች። «ይህንን የት አዩት?»

«በረንዳዬ…»

«መቼ?»

ወንበሩ ወደቀ። ሮጥን።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 20

የትናንቱን ዛሬ እጽፋለሁ።

ዙለይካ መንገድ ላይ ነገረችን፣ እየሮጠች፣ በቁርጥራጭ። ሁዳ የአክስቷ ልጅ ናት። አምና ጎን ለጎን ባሉ ቤቶች ሲሠሩ ምልክቶቹን ያወጧቸው ሁለቱ ናቸው። ግንቦት ላይ የሁዳ አሠሪዎች ቤት ቀየሩ። ሁዳ በሰው ስልክ አንድ ጊዜ ደውላ «ሦስተኛ ፎቅ፣ አረንጓዴ ሮቶ» እንዳለች ተቋረጠ። ዙለይካ ወደ ሥልጠናው የመጣችው ዓይን ፍለጋ ነው። ዘጠኝ ልጅ፣ ዘጠኝ የዳቦ መንገድ። እኔ «ጎበዝ፣ እንዲህ ነው ማሰብ» ብዬ ያጨበጨብኩላት።

አራተኛው ምልክት፦ ቆልፈውብኝ ሄደዋል።

ሐጂ ስንወጣ አንድ ቀጭን ፍራሽ ከመደብራቸው አወጡ፣ ከይረዲን ተሸከመ። ዘበኛው የሕንፃው በር ላይ ጉንጩ በጫት ሞልቶ ተቀምጧል። «ማንም የለም፣ ተጉዘዋል» አለ። ሐጂ በሶማልኛ፣ «ማዳም ያዘዘችው ፍራሽ ነው። ስትመጣ ደጃፉ ላይ ካጣችው አንተን ነው የምትጠይቀው» አሉት። እጁን ወደ ደረጃው ወረወረ።

ሦስተኛ ፎቅ። አንኳኳሁ። «ሁዳ» አልኩ። ምንም። ሌሎቹም ጠሩ፤ ምንም። ቦንቱ ማልቀስ ጀመረች፤ ያቺ አፈ ምላጭ።

ዙለይካ ተንበረከከችና አፏን ከበሩ ሥር ካለው ክፍተት ጋር አጋጥማ፣ «ዳቦ ይዤ መጣሁ» አለች። አምና በየጠዋቱ በአጥር ላይ ይባባሉት የነበረ ነው አሉ።

ከዚያ ከውስጥ፣ ከወለሉ ከፍታ፣ ቃ።

ከይረዲን የጎማ መፍቻ ብረቱን ከፍራሹ ውስጥ መዘዘ። ዘበኛው በጩኸቱ እየሮጠ ወጣ። ሐጂ ፊቱ ቆሙ፤ ቁመታቸው ደረቱ ድረስ ነው። «በሩን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ዓብዱሰመድ፣ የፍራሽ ቤቱ። ሱቄን ታውቀዋለህ። ማዳም ስትመለስ እዚያ ትምጣ፤ እኔም የምጠይቃት አለኝ።» ዘበኛው ውስጡን አየ። ወደ እኛ አልተመለከተም ከዚያ በኋላ፤ የራሱን ውኃ ከነላስቲኩ አቀበለንና ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

በሩ ሥር ነበረች፤ በጎኗ ተጋድማ፣ ጭልፋ በእጇ። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። መብራቱ የሚሞላው በካርድ ነው፤ በአሥረኛው ቀን አልቋል። ጋዙም አልቋል። ሩዝ በቀረው ውኃ እየነከረች በልታለች። ፓስፖርቷ ማዳም ጋ ነው፤ ፖሊስ ቢሰማ እኔን ነው የሚያስረው ብላ ወደ መንገድ ለመጮህ ፈርታለች። በጫት ሰዓት ብቻ፣ በጓሮ በኩል፣ ፍርግርጉን በጭልፋ።

በአልሙኒየሙ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ከውስጥ አየኋቸው። አንዱ ቆማ፣ አንዱ ተቀምጣ፣ አንዱ ተኝታ የምታይበት ነው። አጎንብሼ በአንደኛው አየሁ። በረንዳዬ፣ ወንበሬ፣ የዘጋሁት መጋረጃ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። በሩ አጠገብ ልብስ የተቋጠረበት ፌስታል ነበር፤ ለመንገድ የተዘጋጀ። ድምፃችንን ሰምታ ያዘጋጀችው ነው እንዳልል፣ ላዩ ላይ አሸዋ ተኝቶበታል። የብዙ ቀን አሸዋ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 27

ሁዳ አዳራሹ ውስጥ በሐጂ ፍራሽ ላይ ናት። ሐኪም ቤት አድረናል፤ ኩላሊቷ ይድናል ብለዋል። ዙለይካ ሥራዋን ትታ አጠገቧ ትተኛለች። የሦስት ልጆች ማዳሞች ዓርብ መውጣት ከልክለዋል፤ በገመዱ ጉዳይ። ቦንቱ ስታናግረኝ ወለሉን ታያለች።

ወንበሩን ማን እንደሚያዞረው ጠየቅኩ። «እኔ ነኝ» አለች ዙለይካ። «ዓርብ ዓርብ እርስዎ ሳይመጡ በሐጂ መጋዘን በኩል እወጣ ነበር። ሁዳ በር ፊት ለፊት መቀመጥ ስለምትፈራ።» እፎይ ልል ይገባኝ ነበር።

ቀጸላ ደውሎ፣ «ወሊዬ፣ ቋጠሮዋ ምን ሆነች? አንባቢ ጠይቆ ገደለኝ!» አለ። ዘጋሁበት። ለመጀመሪያ ጊዜ የምጽፈው አጣሁ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 3

የመጨረሻ ቀን። የምስክር ወረቀት። ስድስት ሠልጣኝ፣ ሐጂ፣ ያው አንገቱ የታመመ ቬንቲሌተር። ከይረዲን ምሳ ይዞ መጣ፣ «እስከ ዛሬ ከጠበቅኩማ እኔው ነኝ የማበላው» ብሎ፤ ትንሽ ተሳቀ።

ምልክቶቹን ቀይረዋል። አዲሶቹን ሲማከሩ ውጪ እንድጠብቅ ቦንቱ በትሕትና ጠየቀችኝ። ወጣሁ። ትክክል ናት። በሩ ሲዘጋ ከኋላዬ ሳቅ ሰማሁ፤ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ስመለስ አሥራ ሁለተኛው ወንበር ላይ ሰው አለ። ሁዳ ናት፤ በዙለይካ ቀሚስ፣ ከሲታ፣ ዓይኗ ብቻ ትልቅ። ምን እንደምላት አላወቅኩም። ከልማድ የተነሳ ሠልጣኝ እንደማናግር፣ «እንዴት ነሽ የኔ ልጅ፣ ራስሽን አስተዋውቂን» አልኩ። ምን ዓይነት ሞኝ ነኝ።

አተኩራ አየችኝ። ከዚያ ፊቷ በራ፤ እውነቴን ነው፣ በራ።

«እትዬ፣ ባሻገር በረንዳ ላይ የሚጽፉት እርስዎ ነዎት አይደል? በቀዳዳው አይዎት ነበር። በመጀመሪያው ቀን፣ የቋጠርኩ ቀን፣ ቀና ብለው አዩኝ፣ ጻፉ። ደግመው አዩኝ፣ ጻፉ። አንድ ሰዓት ሙሉ። “ተመስገን፣ አይተውኛል፣ አሁን ይነግሩልኛል” አልኩ። ልብሴን በፌስታል ቋጥሬ በሩ ሥር ተቀመጥኩ።»

ሁዳ እጄን ይዛ ሳመችው።

አሁን በረንዳዬ ላይ ነኝ። ደብተሬን ወደኋላ ገልጬ ሐምሌ ሁለትን አነበብኩ። የመጨረሻው መስመር፣ «ለዓምዴ መዝጊያ ትሆነኛለች»፣ እንዳለ አለ፤ በጥሩ እጅ ጽሑፍ፣ ሳይቸኩል።